መልሱን በጽሑፍ ስጡን፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 2018
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት

ጉዳዩ፦ አባላት በመንግሥት ውሳኔዎች ላይ ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች ቁጥርና ቀን ያለው የጽሑፍ መልስ እንዲሰጥና ለሕዝብ እንዲታተም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

እንጀራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከኮሪደር ልማቱ ፈረሳ በተረፈ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ኮምፒውተር ይዤ እቀመጣለሁ። ሰው ጉዳዩን ይነግረኛል፣ እኔ ወግ ባለው ቋንቋ አስተካክዬ እጽፍለታለሁ። ለወረዳ እጽፋለሁ፣ ለክፍለ ከተማ እጽፋለሁ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለመብራትና ለውኃ መሥሪያ ቤት፣ ለትምህርት ቤት እጽፋለሁ። ለእናንተ ግን ጽፌ አላውቅም። የሚያስቀው፣ ከእናንተ አዳራሽ እስከ እኔ ወንበር በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው የመንግሥት ውሳኔ ሰው ቤት ሲገባ ቶሎ ያያል። በ2016 ኮሪደር ልማት ሲጀመር "ደባል ስለሆንኩ ምትክ ቤት ይታሰብልኝ" የሚል ማመልከቻ በዛ። የብር ተመን በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ የትምህርት ቤት ዝውውር መጣ። ወላጅ ልጁን ከግል ትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ መንግሥት ለማስገባት "በኑሮ ውድነት ምክንያት" ብሎ ያስጽፋል። ነዳጅ ሲጨምር ደግሞ የሥራ ቦታ ዝውውር ይበዛል። "ለትራንስፖርት የማወጣው ከማገኘው ደመወዝ ጋር ባለመመጣጠኑ..." የምትለውን ዓረፍተ ነገር አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እጽፋታለሁ።

ወደ እናንተ የመጣሁት ጥያቄ ስለምትጠይቁ ነው። ሁላችሁም ባትሆኑም የተወሰናችሁ ትጠይቃላችሁ።

በቴሌቪዥን እከታተላችኋለሁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም አንድ ሚኒስትር ሲቀርብ አንዳንዶቻችሁ ተነሥታችሁ የምር የሆነ ነገር ታነሣላችሁ። የኑሮ ውድነቱ መቼ ይቀንሳል? ከሰፈራቸው የተነሡት ሰዎች ምን ላይ ናቸው? የግብሩ ጫና ለምን ደመወዝተኛው ላይ ወደቀ? ከተቃዋሚዎች መካከል ጠንከር አድርገው የሚናገሩ አሉ። ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነው። በ2013 ምርጫ መጀመሪያ ውጤታቸው ከተገለጸ 436 መቀመጫዎች 410ሩን የወሰደው ብልጽግና ነበር። ከገዢው ፓርቲም ቢሆን መራጩ የነገረውን ሳያለሳልስ ይዞ የሚመጣ አባል አይቻለሁ። እንዲህ ያለ አባል ሲናገር ቤት ውስጥ ያለነው ሰዎች ቡናችንን አስቀምጠን "ጎሽ!" እንላለን።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያበሳጨው። ጥያቄዎቹ ተራ በተራ ይሰበሰባሉ። መልሱ መጨረሻ ላይ በአንድ ረጅም ንግግር ይመጣል። "ስንት ሰው ተነሣ?" ተብሎ ለተጠየቀው ከተማዋ ምን ያህል እንደተለወጠች ይነገረናል። "መቼ?" ለተባለው ከየት እንደተነሣን ይተረክልናል። ጠያቂው ዳግም ተነሥቶ "እኔ የጠየቅሁት ይህን አልነበረም" የሚልበት ዕድል አይታየኝም። በማግስቱ የጠያቂው ቪዲዮ በስልክ ይዞራል። አንዱ ጀግና ይለዋል፣ ሌላው ይሰድበዋል። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቪዲዮ ይመጣል። ጥያቄው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቀረ።

እኔ በበኩሌ ማመልከቻ አስገብቶ መልስ ያጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። በመጀመሪያ ይመላለሳል። ቀጥሎ የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል። ሲያቅተው ይተወዋል፣ መጠየቅንም እርግፍ አድርጎ ይተዋል። እናንተም እዚያ ደረጃ እንዳትደርሱ እሰጋለሁ።

ነገሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ሰኞ ነበር። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያ እንደሚወሰን አስታወቀ። በዋዜማው ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያው ዕለት 74 ብር አለፈ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ መቶን ተሻገረ። በዚያው ቀን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የአራት ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። በሳምንቱ ዘይት ከመደርደሪያ ጠፋ። ያለ አግባብ ዋጋ ጨመራችሁ የተባሉ ሱቆች ታሸጉ። ሻጩም ገዢውም ነገ ስንት እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም።

ውሳኔው ከመሠረቱ ስሕተት ነው አልልም። ከዚያ በፊት ጥቁር ገበያው የባንኩ እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር። በባንክ ተመን ዶላር የሚያገኘው ዕድለኛ ወይም ሰው ያለው ነው። ዕቃው ሱቅ ሲደርስ ግን ሁላችንም በጥቁር ገበያ ዋጋ እንገዛው ነበር። እንዲያ ሆኖ መቀጠል አይቻልም ነበር ብትሉኝ እሰማችኋለሁ። ተመን መወሰን የብሔራዊ ባንክ ሥራ መሆኑንም፣ የእናንተን ድምፅ እንደማይጠብቅም አውቃለሁ።

ግን ያን ሰሞን እናንተ እረፍት ላይ ነበራችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 የምክር ቤቱ የሥራ ጊዜ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው ይላል። የመደበኛው ዓመት የተከፈተው መስከረም 27 ቀን 2017 ነው። ሁለት ወር አልፏል ማለት ነው። በዚያ ሁለት ወር የተሰቀለው ዋጋ ተሰቅሎ ቀርቷል። ያው አንቀጽ 58 ግን በእረፍት ጊዜም አፈ ጉባኤው ስብሰባ መጥራት እንደሚችሉ፣ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ከጠየቁ ደግሞ የመጥራት ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። የገቢ ግብር አዋጁን ለማሻሻል ሐምሌ 10 ቀን 2017 ተሰብስባችኋል፣ ከሰኔ 30 በኋላ። ሲፈለግ በሩ ይከፈታል።

በጀቱም ያው ነው። በሰኔ 2016 የ2017ን በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር አድርጋችሁ አጸደቃችሁ። ወር ሳይሞላው ብሩ ሌላ ብር ሆነ። ኅዳር 2017 ላይ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት መጣላችሁ። የዋናውን 60 በመቶ ያህላል። ይህንንም አጸደቃችሁ። ጅብ ከሄደ በኋላ ስለሚጮኸው የተባለውን ታውቁታላችሁ፣ ከአክብሮት የተነሣ አልጨርሰውም። ከተጨማሪ በጀቱ ውስጥ የደመወዝ ጭማሪ ነበረበት፣ የነዳጅና የማዳበሪያ ድጎማ ነበረበት። ስለዚህ እጅ ማውጣታችሁን አልነቅፍም። ነገር ግን ሰኔ ላይ አንድ አባል "ይህ በጀት የተሠላው ዶላር በስንት ብር ነው ተብሎ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱም በማኅተም በወረቀት ቢሰጠው፣ ኅዳር ላይ ያንን ወረቀት አውጥተን እናነብበው ነበር። ማን ምን እንዳወቀና መቼ እንዳወቀ ይታይ ነበር።

በ2018 መጀመሪያ የዋጋ ግሽበቱ ወደ 13 በመቶ ገደማ ወርዷል ተባለ። ጥሩ ነው። ግሽበት ወረደ ሲባል ግን ዋጋ ወረደ ማለት እንዳልሆነ ለሰው ሁሉ የሚያስረዳ ጠፍቷል። ዋጋው አሁንም እየወጣ ነው፣ የሚወጣበት ፍጥነት ነው የቀነሰው። አንዲት ደንበኛዬ ቴሌቪዥኑ ግሽበት ቀነሰ ሲል ሰምታ ሽንኩርት ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ደመወዝተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። አብዛኛው ደንበኛዬ እሱ ነው።

ሐምሌ 10 የጸደቀው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አሳደገው። ለጆሮ ደስ ይላል፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ነገር ግን የ600 ብሩ ወለል የወጣው በ2008 ነው። ያኔ ዶላር በባንክ 21 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ 600 ብር ወደ 28 ዶላር ይጠጋ ነበር። 2,000 ብር ሲጸድቅ ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። 2,000 ብር 15 ዶላር ገደማ ነው። በወረቀት አድጓል፣ በአቅም ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰው በዶላር አይገበይም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ አይገበይም። ነዳጁ፣ ዘይቱ፣ መድኃኒቱና የሕፃናት ወተቱ ግን በዶላር ነው የሚመጡት።

ከፍተኛው 35 በመቶም እንዲሁ ነው። በ2008 ይህ መጣኔ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 500 ዶላር ያህል ነው። አሁን ከ14,000 ብር በላይ ይጀምራል፣ መቶ ዶላርን ትንሽ ያለፈ። ያኔ 35 በመቶ የሚቆረጥበት ሰው የመሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበር። አሁን ጥቂት ዓመት የሠራ ባለሙያ ይደርስበታል። ይህ የመጣኔው ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። የሚታየው የደመወዝ ወረቀት ላይ ነው።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ሰው መነሻው 11,500 ብር ሆኗል። ቀድሞ 6,940 ነበር። ጭማሪው ትንሽ አይደለም፣ እውነቱን እንናገር። ከእሱ ላይ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር ጡረታ ሲቀነስ እጁ ላይ የሚገባው 8,595 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ቤት ይከራያል፣ ታክሲ ይሳፈራል፣ ይበላል። ለቤተሰብም ይልካል፣ አበሻ ነውና። ትንሹ ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። ከዚያም ላይ ግብር ይቆረጣል፣ 700 ብር። ስድስት ሺህ ብር ከሚያገኝ የጥበቃ ሠራተኛ ግብር የሚቀበል አገር ነን።

አዋጁ የጸደቀው በአብላጫ ድምፅ ነው፣ የተቃወሙም ነበሩ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ከግብር ነፃ የሆነው ወለል ከፍ እንዲል ደጋግሞ ጠይቋል። ለእነዚህ ሁሉ የሚበቃ መልስ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ወለሉ 4,000 ብር ቢሆን መንግሥት ስንት ብር ገቢ ያጣል? 6,000 ቢሆንስ? ገንዘብ ሚኒስቴር ይህን ሳያሰላ ረቂቅ ያመጣል ብዬ አላምንም። ስሌቱ ካለ ይታተም። ምናልባት ስናየው እኛም "አይቻልም ለካ" እንል ይሆናል። ያልታየ ቁጥር ግን ማንንም አያሳምንም።

የግል ሠራተኛው ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ዝርዝሩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ያወጣል ይላል። አዋጁን ያወጣው ከእናንተ በፊት የነበረው ምክር ቤት ነው። ዛሬም በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለውም። "ደንቡ የት ደረሰ?" ብሎ መጠየቅ የሥራ አስፈጻሚውን ሥልጣን መንካት አይደለም። የራሳችሁን ቤት ሕግ መከታተል ነው።

ነዳጁን ባጭሩ ልለፈው። ድጎማው ቀስ በቀስ ይነሣ ሲባል፣ በሐምሌ 2014፣ ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች የታለመ ድጎማ ተጀምሮ ነበር፣ በቴሌብርም ይሰጥ ነበር። ታክሲው ግን ይጨምራል። ሰልፉም አላጠረም።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ።

ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር በ2016 ፈረሱ። ካዛንቺስ በ2017 መጀመሪያ ተከተለ። መንገዱ አምሯል። ማታ መብራቱ ደምቆ፣ ሕፃናት በሰፊው እግረኛ መንገድ ሲሮጡ ሳይ ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ? የፈረሰው ቤት ብዙው ለሰው አይመችም ነበር። ሽንት ቤቱ ለአሥር አባወራ አንድ ነው። ጣሪያው ክረምት በገባ ቁጥር ያፈሳል። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው አንዲት እናት "የራሴ ሽንት ቤት ኖረኝ" ብለው አመስግነዋል፣ እኔ ፊት። ያንን ያየ ሰው ልማቱን በደፈናው ሊቃወም አይችልም።

ግን ሁሉም ነዋሪ እኩል አልተነሣም። ካርታ ያለው ካሳና ምትክ ቦታ ይጠይቃል። የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ቤቶች በአንዱ የሚኖረው፣ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይጠብቃል። ከእሱ ሥር ደባል አለ። በደባልነት ሃያ ዓመት የኖረ፣ እዚያው ልጅ የወለደ፣ ውሉ ላይ ስሙ የሌለ። ከደባሉም ሥር ከግለሰብ የተከራየ አለ። እሱ ወረቀትም የለው። ሰፈሩ ሲፈርስ በቁጥር የሚታየው ወረቀት ያለው ነው። እኔ ጋ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ወረቀት የሌላቸው ናቸው። ማመልከቻቸውን ጽፌ ስጨርስ "ከማስረጃ ጋር አያይዤ" የምትለውን ሐረግ አወጣታለሁ። የሚያያዝ የለማ።

ምትክ ያገኘውም ቢሆን ቤት ብቻ አይደለም የተለወጠበት። ብዙዎች ገላን ጉራ ሄደዋል፣ በከተማዋ ደቡብ ጫፍ። ካዛንቺስ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት ታስረክብ የነበረች ሴት ገላን ጉራ ለማን ታስረክባለች? ልብስ አጣቢዋስ? ቡና አፍይታ በየቢሮው የምታዞረዋስ? እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ያለው እግራቸው በሚደርስበት ቦታ ነው። ቤቱ ሲርቅ ሥራው አብሮ ይጠፋል። እዚያው መሐል ከተማ ተቀጥሮ የሚሠራው ደግሞ የሌሊት ታክሲ ለማግኘት ከዶሮ በፊት ይነሣል። ከላይ ያልኩት የነዳጅ ዋጋ ትርጉሙ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ሰውን አራቀ፣ ሌላው መንገዱን አስወደደ። ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ያውቃሉ? ይህ ጥያቄ የምክር ቤት አባል ጥያቄ ነው። ሁለቱንም ጠርቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ መጠየቅ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

እድሩም አለ። አንድ የፈረሰ ሰፈር እድር አባላቱ በአራት አቅጣጫ ስለተበተኑ ንብረቱን ሲከፋፈል ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድንኳን፣ ድስት፣ አግዳሚ ወንበር፣ በባንክ ያለ ገንዘብ። አረጋውያኑ አንድ ነገር ብቻ ተከራከሩ። ድንኳኑ አይሸጥ አሉ። ማን እንደሚያነሣው፣ የት እንደሚቀመጥ ግን መልስ አልነበራቸውም። አርባ ዓመት ያዋጡበት ነው። ለአዲሱ ሰፈር እድር እንደገና መመዝገቢያ ከፍለው ይገባሉ። ይህን ኪሳራ የሚያሰላ የካሳ ቀመር አላየሁም።

ሕገ መንግሥቱ ግን አስቦበታል። አንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች የተነሣ የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም በቂ ድጋፍ ያለው መዛወሪያ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ኑሯቸው የተነካባቸው ይላል እንጂ ካርታ ያላቸው አይልም። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። ቀይ ቀለም በር ላይ ከተቀባ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ምክክር ነው ወይስ ማስታወቂያ? እናንተ ፍረዱ።

አዲስ አበባ በምክር ቤታችሁ 23 ተወካዮች አሏት። አንቀጽ 49 የከተማዋ አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው ይላል። ስለዚህ "ይህ የከተማው ጉዳይ ነው" የሚለው መልስ እናንተ ዘንድ አይሠራም። ስንት አባወራ ተነሣ? ከእነሱ ስንቱ ደባል ነበር? ስንት ልጅ በዓመቱ መካከል ትምህርት ቤት ቀየረ? ስንቱ ሰው ሥራውን ይዞ ቀጠለ? እነዚህን ጥያቄዎች ወረዳው ሊመልሳቸው ይችላል፣ መዝገቡ እሱ ዘንድ ነው። ጠያቂ ነው የጠፋው። ወይም ጠያቂው አለ፣ ተከታታይ ነው የጠፋው።

ጠያቂው ራሱም ዋስትና ያስፈልገዋል። አንቀጽ 54 አንድ አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም ይላል። ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን ይመሩ የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ የታሰሩት በ2015 ክረምት ነው። ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሣው በመጋቢት 2016 ነው። ክሱ የፍርድ ቤት ነው፣ እዚያ ውስጥ አልገባም። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያሉት ወራት ግን የእናንተ ናቸው። ለመረጣቸው ሕዝብ ማብራሪያ የሚገባው ለእነዚያ ወራት ነው።

ያንን ኮሚቴ ካነሣሁ አይቀር፣ የምጠይቀው ነገር ናሙናው እዚያው አለ። የዋናው ኦዲተር ግኝት ሲቀርብ ኮሚቴው መሥሪያ ቤቶችን ይጠራል፣ ይጠይቃል፣ "መቼ ታስተካክላላችሁ?" ብሎ ቀን ይቀበላል። የጎደለ ብር ላይ ይህ ከተቻለ የተነሣ ሰፈር ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። እያንዳንዱ የጥያቄና መልስ ስብሰባ ካለቀ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ የተጠየቀው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይመልስ። ጥያቄው እንደተጠየቀ፣ ሳይቆረጥና ሳይለሰልስ፣ ከላይ ይስፈር። ከሥሩ ቁጥሩና ቀኑ ይኑር። የማይታወቅ ከሆነ "አልተጠናም" ተብሎ ይጻፍ፣ እሱም መልስ ነው። ከዚያ ይታተም። ነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው ከእናንተ ብዙም በማይርቀው ብርሃንና ሰላም ነው፣ አዋጁን በምናገኝበት መልሱንም እናግኝ። በእረፍት ጊዜ የኑሮ ነገር የሚነካ ትልቅ ውሳኔ ከመጣ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ በሳምንቱ ይሰብሰብ፣ ካሜራ ይግባ። የአዲስ አበባ ተወካዮች ደግሞ ከመራጮቻቸው ጋር የሚወያዩት በተመረጠ ተሳታፊና በተዘጋጀ ውኃ፣ አዳራሽ ውስጥ አይሁን። አንድ ቅዳሜ ገላን ጉራ ሂዱ። በታክሲ ሂዱ፣ በጠዋቱ።

ይህ ሁሉ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። የአሠራር ደንባችሁ ላይ ጥቂት መስመር ይበቃል።

ደብዳቤውን ለሕዝብ ያወጣሁት መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ያላገኘ ወረቀት እንዳልተጻፈ እንደሚቆጠር በሥራዬ ስለማውቅ ነው። አንድ ቅጂ ግን በዚህ ሳምንት በእጄ ይዤ እመጣለሁ። እባካችሁ ተቀብላችሁ የገቢ ቁጥር ስጡልኝ። መልሱን ለመውሰድ መቼ ልመለስ እንደምችልም ቀን ቢነገረኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የአራዳ ክፍለ ከተማ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ 23 ተወካዮች
ለመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
ተበትኖ ለቀረው የእድራችን ሊቀ መንበር፣ ባሉበት